ከአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለደረሱልን የሚሲዮን ሠራተኞች ምስጋና፣ ለወሎ እድሮችም ጥቆማ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታቸው ተሰነጣጥቆ ለተፈናቀሉት ታላቅ እህቴ፣ ለባለቤቷና ለልጆቻቸው የደረሱትን የካቶሊክ ሚሲዮን ሠራተኞች በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ መብላት ይሆንብኛል። እኔ የኮምቦልቻ ልጅና ሙስሊም ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምስጋናው ከሃይማኖት ዝምድና የመጣ አለመሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። ሠራተኞቹ የእነሱም ሆነ የማኅበራቸው ስም እንዲጻፍ ስላልወደዱ፣ ቃላቸውን አክብሬ በሥራቸው ብቻ አነሣቸዋለሁ።

የእህቴ ባለቤት እንደ ብዙ የወሎ ጎልማሶች ለእንጀራ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርዶ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። መሬቱ ከመስከረም ጀምሮ በየጊዜው ሲነዝር ከርሞ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን በሬክተር ስኬል 5.7 ገደማ የተመዘገበ ነውጥ ደረሰ፤ በዚያው ሰሞንም በዶፈን ተራራ አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና አቧራ ሲተፋ የተመለከተ ሁሉ ቤት ውስጥ ማደር ፈራ። መንግሥት ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ከሚኖርባቸው 12 ቀበሌዎች ነዋሪዎችን ማንሣት መጀመሩን አስታወቀ። ባለሙያዎች መንቀጥቀጡ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከምድር በታች ቅልጥ ዐለት ሰርጎ በመግባቱ የመጣ መሆኑን አስረድተዋል፤ ሕፃን ታቅፋ ሜዳ ላይ ለምታድር እናት ግን ማብራሪያው ሌሊቱን አያሳጥርላትም። የካቲት 7 ቀን 6.0 የተመዘገበ ሌላ ነውጥ ሲከተል፣ ወደ ቤታቸው ለመመለስ ዕቃ መሸከፍ የጀመሩትም ሐሳባቸውን ለወጡ።

በመጠለያው የደረሰ ረድኤት ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ማን እንደሆነ የማልጠቅሰው አንድ ወገን ብርድ ልብስ አምጥቶ፣ ተቀባዮቹን አሰልፎ ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ በዚያው ዕለት መመለሱን እህቴ ነግራኛለች፤ ለብርድ ልብሱም ቢሆን አላህ ይስጣቸው። የሚሲዮኑ ሰዎች ግን ምንም ሳያራግፉ መጀመሪያ ከአፋር ሽማግሌዎች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጠይቁ ዋሉ። ሲስተሮቹ፣ ማለትም ሴት መነኮሳቱ፣ ደግሞ ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስበው አነጋገሩ። ሴቶቹ ከዱቄትም ከዘይትም አስቀድመው የጠየቁት በሸራ የተከለለ መጸዳጃና መታጠቢያ ነበር፤ ምክንያቱም በጠራራ ሜዳ ላይ ሰፍረው እስኪመሽ ድረስ ራሳቸውን መቆጣጠር ግድ ሆኖባቸው ነበርና። ይህ ወንዶች በተሰበሰቡበት ሸንጎ ፈጽሞ የማይነሣ ጉዳይ ነው። መከለያው ቀድሞ ተሠራ፤ ከዚያም ሮቶ ተተክሎ ውኃው በነፍስ ወከፍ ተሰላ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር የሚለውን በእርዳታ ሥራ የታወቀውን መለኪያ ለመድረስ ሲደክሙ፣ ቦቴው በዘገየ ቀን ሲስተሮቹ ራሳቸው ጀሪካን ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ ይቆሙ እንደነበር ልጆቹ ዛሬም ያወራሉ።

ነርሷ ሲስተር በየድንኳኑ እየዞሩ እርጉዞችን፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን በመዝገብ ያዙ። የእህቴ ባለቤት የግፊት መድኃኒቱን ፍርስራሽ ውስጥ ትቶ ስለወጣ፣ ምትኩን ያገኘው በእሳቸው በኩል ነው። ቁስል የሚያሽጉ ብዙ ናቸው፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት የነበረውን ሕመም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፣ ከመንቀጥቀጥ የተረፈውን ሰውም ብዙ ጊዜ የሚጥለው ያ ነው።

አሁን ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ጥያቄ ላንሣ። በእኛ አገር የሚሲዮን እርዳታ ሲባል «ስንዴ ሰጥተው ሃይማኖት ያስለውጣሉ» የሚል ሐሜት አብሮ ይነሣል። ከ66ቱና ከ77ቱ ርሃብ ጀምሮ የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ኖሯል፤ አብያተ ክርስቲያናትና ሚሲዮኖች በዚያ ዘመን ያተረፉት ነፍስ ብዙ መሆኑንም ያውቃል። እኔም እህቴን «ምን ይሏችኋል?» ብዬ በስልክ ጠይቄያታለሁ፤ መልሷ «እነሱማ ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ ነው የሚጨቀጭቁን» የሚል ነበር። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ፣ እንዲሁም ዋና ዋና የእርዳታ ድርጅቶች በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቀበሉት የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ ሃይማኖትን ወይም ፖለቲካን ለማስፋፋት እንዳይውል ይደነግጋል፤ የካቶሊኩ ካሪታስም ደንቡን ካወጡት አንዱ ነው። ሲስተሮቹ ጸሎታቸውን አይደብቁም፣ እሑድ በራሳቸው ድንኳን ይጸልያሉ፤ ነገር ግን ሰው ጠርተው አያውቁም። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ስለገቡ ሁለቱ ጾሞች አብረው ዋሉ። የእደላው ሰዓት ለሙስሊሙ ከማፍጠሪያው በፊት ምግብ ማብሰያ ጊዜ እንዲተርፍ ተደርጎ ተለወጠ፤ ለክርስቲያኑም ክክና ዘይት እንዳይጎድል ተጠነቀቁ። ይህን ለማድረግ ሰፊ በጀት አያስፈልግም፣ ለሚረዱት ሰው ክብር መስጠት እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ግን የግንበኝነት ሙያ ያላቸውን የማኅበሩን ብራዘር (ካህን ያልሆኑ ወንድ መነኩሴ) ሥራ ነው። እሳቸው የፈረሱትን ቤቶች እየዞሩ ተመልክተው ምን እንደጣላቸው ለባለቤቶቹ ያሳዩ ነበር። በአህያ ጋሪ ላይ ሁለት ትንንሽ የጭቃ ቤቶች ሠርተው፣ በአንዱ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ሰያፍ እንጨት አስገብተው፣ ልጆቹን ጋሪውን እንዲነቀንቁ አዘዟቸው፤ ሰያፍ የሌለው ወዲያው ሲጋደም ሌላኛው ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ቆሞ ቀረ። ትምህርታቸው ይህን ይመስላል፦ የጭቃ ቤት ቋሚና ማገር ብቻውን ወደ ጎን የሚመጣን ግፊት አይችልም። መሬት ውስጥ የተቀበረው የቋሚው ጫፍ በምስጥ መበላት አለመበላቱ በየጊዜው በቢላ ተወግቶ መታየት አለበት። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ የውስጥና የውጭ ፊቱ ተለያይቶ ስለሚናድ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ረጃጅም ድንጋዮች በየመሐሉ ይግቡበት፤ አቅም ያለው ደግሞ ከላይ ቶፕ ታይ ቢም፣ ማለትም ግድግዳዎቹን ዙሪያቸውን አያይዞ የሚይዝ የብረትና ኮንክሪት መቀነት፣ ያስርበት። ንፋስ እንዳይወስደው ብለን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምንደረድረው ድንጋይም ይውረድ፤ ያ ድንጋይ በነውጥ ጊዜ የሚያርፈው በሮጦ ወጪው ራስ ላይ ነው።

ይህ ለእኛ ለወሎዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴና ባቲ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርድበት አፋፍ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በደቡባችን ካራ ቆሬ ላይ የደረሰው ነውጥ ማጀቴን አፍርሶ፣ የአዲስ አበባ ደሴን መንገድ እንደሰነጣጠቀ አባቶቻችን ያስታውሱታል፤ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. የፈራረሰችው ሰርዶም ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። የካራ ቆሬውን ነውጥ ካጠኑት ሰዎች ዋነኛው፣ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ማዕከሉን ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን መሆናቸውን ሳነብ፣ ስለ መሬታችን ባሕርይ ከሚሲዮን ሰው መማራችን የዛሬ ነገር አለመሆኑን ተረዳሁ።

ጉድለት የላቸውም አልልም። ምዝገባቸው እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ስም ለማጣራት ግማሽ ቀን ያስጠብቃሉ፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይናደድባቸዋል። ቃል የገቡትን ግን ሳያደርሱ አልቀሩም፤ እህቴም ካቆሙላት መጠለያ ወጥታ ዛሬ ማዕዘኑ የታሰረ ቤት ውስጥ ትኖራለች።

በወሎ ያላችሁ የእድር ዳኞች፣ የመስጊድና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊዎች እንዲሁም ወጣት ግንበኞች ብራዘሩ መጥተው እንዲያሠለጥኗችሁ እንድትጋብዟቸው አጥብቄ እጠቁማለሁ። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ ጥሪውን አደርስለታለሁ። ክፍያ አይቀበሉም፤ የሚጠይቁት የሚያድሩበትን ክፍል፣ ከአካባቢው ሁለት ወይም ሦስት ግንበኞችን፣ በመሠራት ላይ ያለ አንድ የጭቃ ቤትና ሰያፍ የሚሆን እንጨት ነው። ምርጊት በክረምት ስለማይደርቅ ጥሪው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመርጣሉ።