ከመኪናው በፊት መገጣጠሚያዎቼን ለመረመሩ ባለሙያዎች የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም እጆቼን፣ አንገቴንና ጉልበቶቼን ከጎዳ በኋላ መኪና መንዳቴን እንዳላቆም የረዱኝን ሁለት ባለሙያዎች በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዲፈልጉ ለመጠቆም ነው። አንደኛዋ የአሽከርካሪዎችን አካላዊ ብቃት የሚመዝኑ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሕመምተኞች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን ራሳቸው እንዲሠሩ የሚረዱ ባለሙያ) ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የመንዳት ችግር ላለባቸው ሰዎች መኪና የሚያስተካክሉ ቴክኒሽያን ናቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። አሠራራቸውን ግን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ያወቀ ሰው የትም ቢኖር መሰሉን መፈለግ ይችላልና።

ቴራፒስቷን ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናቸው ስለ መኪና አንድም ነገር ሳያነሱ ስለ መገጣጠሚያዎቼ በመጠየቃቸው ነው። ከእርሳቸው በፊት ያነጋገርኩት አንድ ሻጭ ሕመሜ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ውድ መኪናና ረጅም የተጨማሪ ዕቃ ዝርዝር አቅርቦልኝ ነበር። እርሳቸው ግን የትኛው መገጣጠሚያ፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያመኝ አንድ በአንድ ጠይቀው ጻፉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የመገጣጠሚያዎችን ውስጠኛ ሽፋን በማጥቃቱ የሚመጣ ብግነት በመሆኑ፣ የጠዋቱ የመገጣጠሚያዎች መገተር ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት በመሳሳቱ በሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ ግን መገተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በታች ሲሆን፣ ረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሡም ይመለሳል። በዚህ ምክንያት የምዘናውን ቀጠሮ እኔ በመረጥሁት የከሰዓት ጊዜ ሳይሆን ጣቶቼ እምቢ በሚሉበት የጠዋት ሰዓት አደረጉት። መኪናው የሚስተካከለው ለደኅና ቀኔ ሳይሆን ለክፉ ቀኔ መሆን እንዳለበት ሲያስረዱኝ፣ ከዚያ በፊት ማንም ባለሙያ በዚህ መንገድ አስቦልኝ እንደማያውቅ ተገነዘብኩ።

በምዘናው የእጄን የመጨበጥ ኃይል በመለኪያ መሣሪያ ለኩ፤ አንገቴ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደሚዞር፣ የፍሬን መርገጫን በምን ያህል ጉልበትና ፍጥነት እንደምረግጥ መዘገቡ። ከዚያም አጠገቤ የተቀመጠ አሰልጣኝ ፍሬን መያዝ በሚችልበት፣ ሁለት ጥንድ መርገጫ ባለው መኪና መንገድ ላይ አስነዱኝ። በክፍል ውስጥ የተገኘው ቁጥር መንገድ ላይ ሲፈተን ብቻ ትርጉም እንደሚኖረው ያምናሉ፤ እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በመሪው ነው። ቀጭን መሪን አጥብቆ ለመያዝ ጣቶች በጣም መታጠፍ ስላለባቸውና ጭነቱ በትናንሾቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ስለሚያርፍ፣ ቴራፒስቷ በቅድሚያ ያዘዙልኝ መሪውን የሚያወፍርና የማያንሸራትት ሽፋን ነበር። ሽፋኑ በመሪው ላይ እንዳይዞር ተጠብቆ መታሰር አለበት፤ ልል የሆነ ሽፋን ጭራሽ ከሌለው ይልቅ አደገኛ ነው። ቀጥለውም መሪውን እንደ ሰዓት ገጽ ቆጥሬ እጆቼን በ9 እና በ3 ቁጥሮች ቦታ ላይ እንዳኖር፣ አውራ ጣቶቼንም በመሪው ውስጥ ሳልቆልፍ ከላይ እንዳሳርፋቸው አስተማሩኝ። ይህ አያያዝ ትከሻን የሚያሳርፍ ከመሆኑም በላይ ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ በቅጽበት የሚነፋው የአየር ከረጢት) ቢፈነዳ ክንድን ከመንገዱ ያርቃል። ከደረቴ እስከ መሪው መሐል ያለው ርቀት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን መቀመጫዬን ራሳቸው ለክተው አስተካከሉ፤ ጉልበቱ የሚያመው ሰው መርገጫዎቹን ለመድረስ ሲል ወደ መሪው መጠጋቱ የተለመደ ስለሆነ ይህን ማንም እንዳያልፈው እለምናለሁ።

በመሪ ላይ የሚታሰረውን፣ በአንድ እጅ ለማዞር የሚረዳውን ክብ መያዣ እኔ አጥብቄ ፈልጌው ነበር፤ እርሳቸው ግን አልፈቀዱልኝም። አንድ እጁ ብቻ ለሚሠራ ወይም ነዳጅና ፍሬን በእጅ ለሚቆጣጠር ሰው እጅግ ጠቃሚ መሆኑን አስረድተው፣ የእኔ ችግር ግን ከጣቶቼ ይልቅ በእጅ አንጓዬ ላይ የከፋ ስለሆነ መያዣው የመሪውን ክብደት ሁሉ በተጎዳው ቦታ ላይ እንደሚሰበስበው አሳዩኝ። በእርሱ ፋንታ መሪው በቀላሉ የሚዞር፣ ጥሩ ፓወር ስቲሪንግ ያለው መኪና እንድመርጥ መከሩኝ። የማያስፈልገኝን ነገር እንዳልገዛ መከልከላቸውን ከሰጡኝ ምክር ሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ።

ስለ አንገቴም የወሰዱት ጥንቃቄ መጠቀስ አለበት። ሩማቶይድ አርትራይተስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የአንገትን የላይኛዎቹን ሁለት አጥንቶች ማያያዣ ሊያላላ ስለሚችል፣ ሐኪሜ አንገቴን መርምረው በጽሑፍ እስኪያረጋግጡ ድረስ የመንገዱን ምዘና አላስጀመሩኝም። የመቀመጫው የራስ መደገፊያ ጫፍ ከራሴ አናት ጋር እኩል እንዲሆን ከፍ አደረጉት፤ ዝቅ ብሎ የሚቀር መደገፊያ ከኋላ ግጭት ቢመጣ ጭንቅላትን መያዝ አይችልምና። አንገቴን ብዙ ማዞር ስለማልችል በስፖኪዮዎቹ ላይ የማይታየውን ማዕዘን የሚያሳዩ ትናንሽ ተጨማሪ መስታወቶች ተለጠፉልኝ፤ የውስጡም መስታወት በሰፊው ተተካ፤ ለኋላ ጉዞ ካሜራ ተገጠመ። እነዚህን ትናንሽ መስታወቶች የመሰለ ጎበጥ ያለ መስታወት አንድን ነገር ከእውነተኛው ርቀት አርቆ ስለሚያሳይ፣ ርቀት መገመትን እስክለማመድ ድረስ አሰልጣኙ ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግመው አሠሩኝ።

ለጉልበቶቼ የተሰጠው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ፍሪሲዮን የሌለው አውቶማቲክ መኪናና በጣት የሚጫን የእጅ ፍሬን በቂ ሆነልኝ። ቀኝ እግሩ ለማይታዘዘው ሰው ግን የነዳጅ መርገጫውን ወደ ግራ ማዛወር ወይም ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ መቆጣጠር የሚያስችሉ መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ ግን ልዩ ሥልጠና ስለሚፈልጉ ገጥሞ ወዲያው ወደ መንገድ መውጣት አይገባም።

ወደ መኪናው መግባትና መውጣት ለብዙዎቻችን ከመንዳቱ ይበልጥ ይከብዳል። ተገቢው የመቀመጫ ከፍታ ቆመን ሳለ ከዳሌያችን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በጣም ዝቅ ያለ መኪና ጉልበትን ያስጨንቃል፣ በጣም ከፍ ያለውም ለመግባት ብዙ ሽቅብ መውጣትን ይጠይቃል። ቴራፒስቷ መጀመሪያ ጀርባዬን ወደ መቀመጫው አዙሬ እንድቀመጥ፣ ከዚያም ሁለቱን እግሮቼን አንድ ላይ አዙሬ እንዳስገባ አለማመዱኝ። በበሩ መቆለፊያ ማያያዣ ላይ የሚሰካ ጠንካራ መያዣም አሳዩኝ፤ ስነሣ የምደገፈው በእርሱ ነው። ወፍራም ትራስ ማንጠፍን ግን ከለከሉኝ፤ ሰውነትን ከፍ ሲያደርግ ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ላይ ወደ ሆድ እንዲንሸራተት ሊያደርግ ይችላል።

የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ማየታቸውም ከሥራቸው ክፍል ነበር። ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ፕሪጋባሊንና አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉት እንቅልፍ ሊያመጡና ንቃትን ሊቀንሱ ስለሚችሉ፣ አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨምር ስሜቱ እስኪታወቅ ድረስ መሪ መያዝ እንደማይገባ ነግረው፣ ጉዳዩን ከሐኪሜ ጋር እንድነጋገር አደረጉኝ።

ቴክኒሽያኑን በተመለከተ፣ ቴራፒስቷ የጻፉትን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ በግልጽ ያልገባቸውን ደውለው እየጠየቁ ነው የሠሩት። የኤርባጉን ሽቦ አልነኩም፤ በኤርባጉ ሽፋን ላይም ምንም ነገር አልገጠሙም። የተገጠሙት ነገሮች ሁሉ መኪናውን ሳይጎዱ ሊነሡ የሚችሉ ናቸው፤ ስለዚህ ቤተሰቤም ይነዳዋል፣ ቢሸጥም አያስቸግርም። ሥራው ሲያልቅ መኪናውን አስረክበውኝ አልሄዱም፤ አብረውኝ ተቀምጠው እየነዳሁ እያንዳንዱን ነገር ፈተኑ፤ ፍሬቻውን ለመድረስ ክንዴን ከመሪው ላይ ማንሣቴን አይተውም ማራዘሚያ ጨመሩልኝ። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ እኔም ለራሴ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደውለው የመሪውን ሽፋን ጥብቀትና በበሩ የሚሰካውን መያዣ ሁኔታ ለማየት ያለተጨማሪ ክፍያ ጠርተውኛል። የተደረገው ለውጥ ለኢንሹራንስ ድርጅቱና ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው አካል መገለጽ እንዳለበት አሳስበው፣ ምን እንደተገጠመ የሚዘረዝር የተፈረመ ወረቀት ሰጡኝ። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ለውጥም ሆነ መንዳትን የሚነካ ሕመም ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ ወረቀቱን ከመኪናው ሰነድ ጋር አኑሬዋለሁ።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ለምትፈልጉ የምጠቁመው፣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪማችሁን ወይም ፊዚዮቴራፒስታችሁን የመንዳት ምዘና ወደሚያደርግ ሰው እንዲልኳችሁ መጠየቅን ነው። የምታገኙት ባለሙያ በመንገድ ላይ ይፈትናችሁ እንደሆነ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ይሰጣችሁ እንደሆነ፣ ከሚሸጥላችሁ ዕቃ ጥቅም ያገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ገጣሚውንም ኤርባጉን እንዴት እንደሚጠብቀውና ከገጠመ በኋላ መልሶ ያይላችሁ እንደሆነ ጠይቁት። ሕመሙ የሚለዋወጥ በመሆኑ ቴራፒስቷ እጆቼ ሲባባሱ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢደረግልኝ ዳግም ምዘና እንዲደረግ በወረቀቱ ላይ አስቀድመው ጽፈዋል። ሐኪሜን ለማግኘትም ሆነ እናቴን ለመጠየቅ ዛሬ የሰው እጅ ሳልጠብቅ የምሄደው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ትጋት ስለሆነ፣ ለሁለቱም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።