የእማዬን ልብ በደንብ ላየችልን ዶክተር ምስጋና (ሜሪላንድ አካባቢ ላላችሁ)

ሰላም ወገኖች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የልብ ሐኪም ለምትፈልጉ፣ በተለይ ለእናቶቻችሁ፣ ይቺን ዶክተር ሳልጠቁም ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እማዬ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ መንጋጋዋንና ጀርባዋን ይይዛታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ደረቴን ወጋኝ ብላ ግን አታውቅም። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ኑክሌር ስትሬስ ቴስት (ጨረር ያለው መድሃኒት በደም ስር ሰጥተው ልብ ሲሰራ ደም እንዴት እንደሚደርሰው በምስል የሚያዩበት) ሰሩላትና የልቧ የፊት ግድግዳ ደም ያንሰዋል ተባለ፣ ከዛ በካቴተር፣ ማለት በቀጭን ቱቦ፣ ገብተው ሲያዩ ትልልቆቹ የደም ስሮች ክፍት ሆነው ተገኙ፣ በቃ ጭንቀት ነው ብለው ሸኙን። ህመሙ ግን ያው ነው።

ይቺ ዶክተር ሪፖርቱ ብቻ አይበቃኝም ምስሉ ያለበትን ሲዲ አምጡልኝ አለች። ስክሪኑን ወደ እማዬ አዙራ በአማርኛ ቁጭ ብላ አስረዳቻት፣ የጡት ስጋ ጨረሩን ስለሚከልለው የልብ የፊቱ ግድግዳ ደም ያጠረው ሊመስል ይችላል፣ ደግሞ የሴት ልብ አነስ ስለሚል እውነተኛ ችግር ኖሮም በዛ ማሽን ሊያመልጥ ይችላል። ካቴተሩም የሚያሳየው ትልልቆቹን ስሮች ነው። "እማማ፣ ዋናው አስፋልት ክፍት ነው፣ ወደ ሰፈር የሚያስገቡትን ኮብልስቶኖች ግን ማንም አላየልዎትም" ስትላት እማዬ ወደኔ ዞራ "አላልኩሽም?" አለች።

ከዛ ፔት ስካን፣ ማለት የልብን የደም ፍሰት በቁጥር የሚለካ የምስል ምርመራ፣ አዘዘችላት። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሲል የአሜሪካ የልብ ማህበራት 2021 ላይ ያወጡትን የደረት ህመም መመሪያ ጠቅሳ ደብዳቤ ጽፋ አስፈቀደች፣ ይሄን የሚያደርግ ስንት ሐኪም አለ? ከምርመራው በፊት ለ24 ሰአት ቡናም ሻይም ቸኮሌትም ክልክል ነው፣ ካፌይን በምርመራው ጊዜ ስሮቹን ለማስፋት የሚሰጠውን መድሃኒት ያከሽፈዋል፣ ዋዜማውን ከክሊኒኩ ተደውሎ "እማማ ቡናዋን አደራ" ተባለች።

ውጤቱ ሲመጣ ነገሩ ለየ። መድሃኒቱ ሲሰጥ የልብ ደም ፍሰት ከ2 እጥፍ በላይ መጨመር አለበት፣ የእማዬ 1.6 ነው። ቀጫጭኖቹ ስሮች መስፋት ሲገባቸው አይሰፉም። ይሄ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነገር ነው፣ 1996 ላይ የተጀመረው ዋይዝ የሚባለው የአሜሪካ ጥናትም ደረታቸውን እያመማቸው የተዘጋ ስር ያልተገኘባቸው ሴቶች በኋላ ለልብ ችግር እንደሚጋለጡ አሳይቷል። እና ስንቶቹ እናቶቻችን ናቸው "ክፍት ነው" ተብለው ቤት የተቀመጡት? በጣም ነው የሚያናድደኝ።

አሁን መድሃኒቷን ጀምራለች፣ የቤተክርስቲያኑን ደረጃ ሳታርፍ ትወጣለች።

ዶክተርዬ ያሳደገሽ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ።

ስሟንና አድራሻዋን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትሄዱ የድሮውን ምስል በሲዲ አስገልብጣችሁ ያዙ፣ የምትወስዱትንም መድሃኒት በሙሉ፣ ቀጠሮዋ ቶሎ ስለሚሞላ ደግሞ አሁኑኑ ደውሉ።