የብረት ቶርቲያ መጭመቂያና የማሳ ዱቄት፦ ከአራት ወር አገልግሎት በኋላ

በምኖርበት የሜሪላንድ ሰፈር የላቲን አሜሪካ ሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች ከሐበሻ ሱቆች ጋር ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ እንጀራ ልገዛ ወጥቼ የበቆሎ ዱቄት ይዤ የተመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ከአራት ወር በፊት ከእነዚህ መደብሮች በአንዱ ሁለት ዕቃ ገዛሁ፦ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከካስት አይረን የተሠራ የቶርቲያ (የሜክሲኮ ስስ የበቆሎ ቂጣ) መጭመቂያ በ24 ዶላር፣ እንዲሁም 2 ኪሎ የሚመዝን የማሳ ዱቄት በ5 ዶላር። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የታሸገ ቶርቲያ አልገባም። መጭመቂያው ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ ዱቄቱም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ባሕርይውን ላላወቀ ሰው ገር አይደለም።

ማሳ ሲባል እኛ የምናውቀው የእርሻ ማሳ አይደለም፤ በስፓኒሽ ሊጥ ማለት ነው። ዱቄቱም ከተራ የበቆሎ ዱቄት ፈጽሞ የተለየ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ቀን እንደኔ ቤት ውስጥ ባለው የበቆሎ ዱቄት ልሞክር የሚል ሰው የሚያገኘው የሚፈረፈር እንጂ የሚጠቀለል ቂጣ አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ኖራ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች በቆሎውን ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ቀቅለው ሌሊቱን እዚያው ያሳድሩታል፣ ጠዋት አጥበው ገለፈቱን ያስለቅቁታል፣ ከዚያ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ ይፈጩታል። ጥንት የሚፈጩት በድንጋይ ወፍጮና በመጅ ነበር፤ እነሱ ሜታቴ የሚሉትን ያየ የአገራችን ሰው የሴት አያቱን ወፍጮ ማስታወሱ አይቀርም። በኖራ የተዘጋጀው በቆሎ የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ቋንቋ በሆነው በናዋትል ኒሽታማል ይባላል። ኖራው ገለፈቱን ያሟሟል፣ ሊጡ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ 3 ለሰውነት እንዲመች አድርጎ ይለቅቀዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ጥበብ አብሮት ስላልተሻገረ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በስፔንና በሰሜን ጣሊያን፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ኑሯቸው በበቆሎ ላይ ብቻ የተመሠረተ ድሆች በዚህ ቫይታሚን እጥረት በሚመጣ ፔላግራ በተባለ በሽታ ብዙ ተሠቃይተዋል። በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥራ ከተሠራለት በኋላ ደርቆ የተፈጨ ሊጥ ነው። ሲደርቅ መዓዛው በከፊል ይጠፋል፤ በየዕለቱ ትኩስ ሊጥ የሚሸጥ ወፍጮ ቤት በአቅራቢያው ያለው ሰው ከዚያ ቢገዛ ይመረጣል። ለሌላው ሰው ግን ዱቄቱ በቂ ነው።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ልክ ለ2 ኩባያ ዱቄት 1 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውኃ ይላል። እኔ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ እጨምራለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ናት፤ ቶርቲያ በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም፣ ነገር ግን ሊጡን በጣቷ ጫን አድርጋ ጠርዙ ሲሰነጠቅ አየችና «ውኃ ጠምቶታል፣ ልጄ» አለችኝ። እውነትም ጠምቶት ነበር። ሊጡ እርሾ ስለሌለው መቦካት አያስፈልገውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ 20 ደቂቃ ያህል ውኃውን እስኪመጥጥ ማረፍ ግን አለበት። ከ2 ኩባያ ዱቄት 35 ግራም የሚመዝኑ 16 ያህል ድቡልቡሎች ይወጡኛል።

ስለ መጭመቂያው ስናገር፣ ከዚህ በፊት የገዛሁት ቀላል የአሉሚኒየም መጭመቂያ በሦስተኛው ሳምንት እጀታው ስለተጣመመ ጥዬዋለሁ፤ በዚህ ዕቃ ላይ ክብደት ጉድለት ሳይሆን ጥቅም መሆኑን የተማርሁት ያኔ ነው። አዲሱ ሲያነሡት እጅ የሚያዝል ከባድ ነው፣ ስለዚህም ክንድን ሳያደክም በራሱ ክብደት ይጫናል። ሁለት እንከን አለው። አንደኛው፣ አንዱን ወገን ስስ ሌላውን ወፍራም አድርጎ ስለሚጫን፣ ሊጡን አንዴ ቀለል አድርጎ ተጭኖ፣ ግማሽ ዙር አዙሮ ዳግመኛ መጫን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዝገት ነው። በሳሙና አጥቤ እርጥቡን ባስቀመጥሁት ማግስት ዝጎ አገኘሁት። እናቴ ይህንንም አይታ አልተገረመችም፤ ለእሷ ጉዳዩ ያልተሟሸ ምጣድ ጉዳይ ነበርና፣ ዝገቱን ፈትጋ፣ ዘይት ቀብታ፣ ምድጃ ውስጥ ከታ አሟሸችው። ከዚያ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የምጠርገው። ሊጡ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅም ከላይና ከታች የተቀደደ ፌስታል አነጥፋለሁ፤ የብራና ወረቀት ሞክሬ ነበር፣ ሊጡን ይዞ ይቀራል።

መጋገሪያው ኮማል ይባላል፤ ጠፍጣፋ ምጣድ ነው፣ ከሸክላም ከብረትም ይሠራል። እኔ የምጠቀመው በከባድ የብረት መጥበሻ ነው። በደንብ ከጋለ በኋላ ቶርቲያው በአንድ ወገን 20 ሰከንድ ያህል፣ ተገልብጦ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ እንደገና ሲገለበጥ ደግሞ፣ ሁሉም ነገር በልኩ ከሆነ፣ እንደ ፊኛ ይነፋል። ያ መነፋት ውስጡ በእንፋሎት መብሰሉን ያሳያል፤ ካልነፋ ወይ ውኃው አንሷል፣ ወይ ምጣዱ አልጋለም። እንጀራ በምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድም ሞክሬዋለሁ፤ አምስት በአንድ ጊዜ መጋገሩ ለእንግዳ ቀን መልካም ቢሆንም፣ ከአምስቱ የነፋው አንዱ ብቻ ነበር። ከምጣድ የወጣው ወዲያው በጨርቅ ተጠቅልሎ መደራረብ አለበት፤ በራሱ ወበቅ ይለሰልሳል። እኔ በሞሰብ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

የሚበላበትን ነገር በተመለከተ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የደረቁ የጓኺዮ ቃሪያዎችን ፍሬያቸውን አራግፎ በምጣዱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማመስ (ካረረ ይመርራል፣ መድኃኒት የለውም)፣ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ከተጠበሰ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ጋር መፍጨት፤ ሳልሳው (ማባያው) ይኸው ነው። ቀለሙ ድልህ ይመስላል፣ ቃጠሎው ግን ከድልህ በእጅጉ የለዘበ ነው። ዝምድናውም የቀለም ብቻ አይደለም፦ እኛ በርበሬ የምንለው ተክል መጀመሪያ የለማው በዚያው በሜክሲኮ ምድር ሲሆን፣ ወደ እኛ የደረሰው አውሮፓውያን አሜሪካን ከረገጡ ከ1492 ወዲህ ነው። ጥቁር ባቄላ ከሽንኩርት ጋር ቀቅሎ፣ አቮካዶ በሎሚና በድንብላል ቅጠል ፈጭቶ ሲጨመርበት፣ ገበታው ለጾም ቀን የተሟላ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ፦ በሜክሲኮ ባህል ባቄላው ከተቀቀለ በኋላ ተፈጭቶ የሚጠበሰው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው፣ በቆርቆሮ ታሽገው ከሚሸጡትም ብዙዎቹ ይህ ስብ አለባቸው። በስፓኒሽ ማንቴካ የሚለው ቃል (ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ማለት ነው) በዝርዝሩ ላይ በዚህ ትርጉሙ ከተገኘ፣ ለጾመኛም አሳማ ለማይበላም አይሆንም። ባቄላውን ራስ መቀቀል ጥርጣሬውን ያስቀራል።

ትኩስ ቶርቲያ ከመጋገሩ ጀምሮ ጥቂት ሰዓት ካለፈው ይደርቃል፤ ይህ የዱቄቱ ትልቁ ድክመት ነው፣ በምጣድ ላይ ቢሞቅም የመጀመሪያው ልስላሴ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሜክሲኮዎቹ ግን ለዚህ መላ አላቸው፦ ያደረውን ቆራርጠው በዘይት ይጠብሱና በሳልሳ ውስጥ ያገላብጡታል፣ ስሙንም ቺላኪሌስ ይሉታል። ለእኛ ፍርፍር ነው። በአንድ ነገር ብቻ ይለያል፦ ቶርቲያው ሳልሳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደንብ ካልተጠበሰ፣ እንጀራ የሚችለውን መራስ አይችልምና፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ገንፎ ይለወጣል።