ቱርቦ ናፍታ መኪና ላላችሁ የባሕር ዳር ሰዎች፦ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ምስጋና ያለብኝ ሰው አለ፤ በዚያው ለእናንተም ጥቆማ ይሁን። አባይ ማዶ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው። "ስሜን አደባባይ እንዳታወጪው" ስላሉኝ እንደ ወትሮዬ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ካብ ናት፤ 2.5 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው የቶዮታ ናፍታ ሞተር ያላት። እንጀራዋ ዓሣ ማመላለስ ነው። በዘጌ ወይም በቁንዝላ በኩል ከአስጋሪዎቹ ቀረሶና አምባዛ ትጭናለች። በረዶው ከነሳጥኑ ሲታሰብ ጭነቱ ቀላል አይደለም። ድሮ ለሰርቪስ የምገባባቸው ጋራዦች ነገራቸው ሁሉ አንድ ነበር። ኮፋኖ ይከፈታል፣ የዘይት መለኪያው ይመዘዛል፣ "ጠቁሯል፣ ይቀየር" ይባላል። አንዱ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ይላል፣ ሌላው 10,000 ድረስ ንጂው ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ሹፌሩን ጥሪልን፣ ለሱ እናስረዳው" ያለኝም አለ። ሹፌሯ እኔ ነኝ እኮ!

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ነው። ቀጥለው ደግሞ ውሎዬን። የት የት እሄዳለሁ? አስፋልት ነው ፒስታ? ዓሣው እስኪጫን ሞተሩን አጠፋለሁ ወይስ አስነስቼ እቆማለሁ? የናፍታ ሰልፍ ላይስ? መርማሪ ፖሊስ ፊት የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራም ዘይቱ ያረጃል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ያንን አይመዘግብም።

የመጥቆሩንም ነገር አስረዱኝ። ናፍታ ሞተር ጥላሸት ይፈጥራል። የዘይቱ አንዱ ሥራ ያንን ጥላሸት በትኖ መሸከም፣ አንድ ቦታ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። ስለዚህ አዲስ ዘይትም ቶሎ ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ብቻውን ይቀየር አያሰኝም። ይልቅ እሳቸው የሚያደርጉትን ላሳያችሁ። ከመለኪያው ጫፍ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ይጥላሉ። ወረቀቱን ጥላ ሥር አስቀምጠው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ጠብታዋ ተዘርግታለች። ጥቁሩ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለ እየሳሳ ከሄደ ዘይቱ ገና አቅም አለው። ጥላሸቱ መሃል ላይ ድፍን ብሎ ቀርቶ ዙሪያው ከነጣ ግን ሸክሙ ከብዶታል። ዳር ላይ የፈዘዘ ሰፊ ቀለበት ከወጣ ደግሞ ናፍታ ወደ ዘይቱ ሳይገባ አልቀረም ብለው ይጠረጥራሉ። "ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን ከዓይን ይሻላል" ይላሉ።

አሮጌውን የዘይት ማጣሪያም ዝም ብለው አይጥሉትም። ቆርቆሮውን በመቀስ ቆርጠው ይከፍቱና የታጠፈውን ወረቀት ጎትተው ፀሐይ ላይ ይዘረጉታል። ማግኔት ያስጠጉበታል። በጣታቸው ያሹታል። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ኩሽኔታ እየተበላ ነው፤ ጠንካራ ጥቁር ቅርፊት ካለ ኢንጀክተሮቹ (ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት) ሥር ያለው ማሸጊያ ይፈተሽ ይላሉ። ይህኛው በ3.0 ሊትሩ ዲ-ፎር-ዲ የታወቀ በሽታ ነው። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታሾልክ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ካርቦን ይሠራል፣ ካርቦኑም ታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት እያለው ዘይት ይጠማዋል። የኔ ማጣሪያ ንጹሕ ነበር፣ ተመስገን።

አሁን ወደ ዘይቱ ምርጫ። እኔ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ትልቁ ቁጥር ሌላ አላውቅም ነበር። ለኔ መኪና 15ደብሊው-40 መረጡልኝ። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ነው። እኛ አካባቢ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ስለሌለ 15 አያስቸግርም። ብዙ ሰው "ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል" ብሎ 20ደብሊው-50 ያስሞላል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል። የቱርቦው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ክፍል፣ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነው፤ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ወፍራም ዘይት እዚያ እስኪደርስ ይዘገያል። እዚህ ላይ ያሉትን ሌላ ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦው የጎደለውን አየር ለማካካስ ከቆላው ይበልጥ ይለፋል።

ከቁጥሩ ሌላ ፊደሉም መታየት አለበት። ኤፒአይ በሚባለው የአሜሪካ የዘይት ደረጃ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍታ ሞተር ነው። ለኔ ሲአይ-4 በቂ ነው አሉ። ውዱን ልግዛ ብላቸው "ገንዘብሽን አስቀምጪ፣ በሰዓቱ መቀየሩ ይበልጣል" አሉኝ። ለነገሩ ዘይት አይሸጡም፤ ራሳችሁ ገዝታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ያልተነካ ክዳኑን ፊታችሁ ይከፍቱታል። አስመስሎ የታሸገ ዘይት ገበያ ውስጥ ስላለ እኔ ይህን ወድጄዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። የእኔን ዘይት ዓይታችሁ ለሁሉም መኪና እንዳትገዙ። አዲስ የአውሮፓ ናፍታ መኪናዎች የጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ዲፒኤፍ የሚባለው። እነዚህ ሲቃጠል አመዱ ያነሰ ዘይት ይፈልጋሉ፣ በአብዛኛው ጣሳው ላይ ኤሲኢኤ ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል (ይህ የአውሮፓ ደረጃ ነው፣ ሲዋ ከላይ ካልኳችሁ የኤፒአይ ሲ ጋር አትገናኝም)። የኔ ዓይነት ዘይት ከገባባቸው አመዱ ያንን ማጣሪያ ይደፍነዋል፤ የማጣሪያው ዋጋ ደግሞ አይወራም።

የመቀየሪያው ጊዜስ? መመሪያዬ ለተለመደ መንገድ 10,000፣ ለአቧራ፣ ለጭነትና ሞተር እየሠራ ለሚቆም መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ወይም ስድስት ወር፣ የቀደመው። እኔ ሦስቱንም አሟልቻለሁ፣ ስለዚህ 5,000። ወንድሜ ግን ተመሳሳይ መኪና ይዞ አስፋልት ላይ ነው የሚውለው፣ ያለ ጭነት። ለሱ 8,000 ብለው ፈቀዱለት። ወደ 10,000 ያላደረሱት ስለ ናፍታው ጥራት እርግጠኛ ስላልሆኑ ነው። ናፍታ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል፣ ዘይቱ ያንን አሲድ እያከሸፈ አቅሙ ያልቃል። የአየር ማጣሪያውን ግን በጋ ላይ ዘይቱን ሳንጠብቅ በየጊዜው ያዩልናል። የፒስታው አቧራ ሞተር ውስጥ ከገባ የትኛውም ዘይት አያድንም።

መንገዱ ሰላም ሆኖ አዲስ አበባ ለምትወርዱ ደግሞ ይቺን ልጨምር። የአባይን በረሃ ወጥታችሁ ጎሃ ጽዮን ለምሳ ስትቆሙ ቁልፉን ወዲያው አታጥፉት። ቱርቦው ግሏል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፣ እዚያው የቀረውም ዘይት ያርራል። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ ከዚያ ውረዱ።

ጋሼ ዘንድ እንከን የለም አልልም። ዝግ ያሉ ናቸው። ዘይቱ ሞቅ ሲል አውርደው ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። አዲሱን ሞልተው ሞተሩን ያስነሱና ያጠፉታል፣ ማጣሪያው ጠጥቶ ሲጨርስ እንደገና ይለካሉ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ የግድ ይቀንሱታል። የሚያስቸኩላችሁ ካላችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። ስልክም ብዙ አያነሱም። የኮምፒውተር ምርመራና ኤሌክትሪክ ሥራ "የልጆቹ ነው" ብለው ወደ ሌላ ይልካሉ። የእጅ ዋጋቸው ግን ተመጣጣኝ ነው፣ የሠሩትንና ቀጣዩን ኪሎ ሜትር በእጃቸው ጽፈው ይሰጣሉ።

አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትሄዱ መመሪያ መጽሐፉን፣ ከሌለ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ያዙ። ዘይቱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጠይቋቸው፤ የአንዷ ጓደኛዬን አምስት ሊትር የቤንዚን ዘይት እንደታሸገ አስመልሰዋታል።