ሮል ኬጅና የሀርነስ ማሰሪያ ለሠሩልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

መኪናዬን ለእሽቅድምድም ሜዳ ሳዘጋጅ የሮል ኬጁንና የሀርነስ ማሰሪያዎቹን ሥራ ለሠሩልኝ የብየዳና የቦዲ ባለሙያ ምስጋናዬን በይፋ ማቅረብ እወዳለሁ። ሮል ኬጅ መኪና ሲገለበጥ አሽከርካሪውን የሚጠብቅ የብረት ቧንቧ መዋቅር ነው፤ ሀርነስ ደግሞ ትከሻንና ወገብን በብዙ ነጥብ የሚያስር የውድድር ቀበቶ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። ሥራቸውን በዝርዝር የማነሳው ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ያሰበ ሰው ከአንድ ባለሙያ ምን መጠበቅ እንዳለበት እንዲያውቅ በማሰብ ጭምር ነው።

ገና ስንገናኝ የጠየቁኝ መኪናውን በከተማ መንገድም እነዳው እንደሆነ ነበር። የጥያቄው ምክንያት ግልጽ ነው። የሙሉ ኬጅ ቧንቧዎች በጣራውና በበሩ ጠርዝ በኩል ከአሽከርካሪው ራስ አጠገብ ስለሚያልፉ፣ ሄልሜት ያላጠለቀና በሀርነስ ያልታሰረ ሰው በቀላል ግጭት እንኳ ራሱ ከብረት ጋር ሊላተም ይችላል፤ ቧንቧው ላይ የሚለበጠው መከላከያም ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። በሁለቱም ቦታ ለሚነዳ መኪና ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የሚቀረውን ግማሽ ኬጅ ይመክራሉ። የእኔ መኪና ለሜዳ ብቻ የሚውል በመሆኑ በሙሉው ተስማማን። ደንበኛው የጠየቀውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ከሚበይድ ሰው ይልቅ እንዲህ የሚጠይቅ ባለሙያ ይሻላል ባይ ነኝ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የሥራቸው ቅደም ተከተል ነው። ቧንቧ ከመቁረጣቸው በፊት የውድድር መቀመጫውን በቦታው አሠሩ፤ ከዚያም ሄልሜቴንና የአንገት መከላከያዬን አድርጌ እንድቀመጥ ካደረጉ በኋላ የትከሻዬን ከፍታ ለኩ። የትከሻ ቀበቶዎቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ ቧንቧ ቦታ የሚወሰነው በዚህ ልኬት ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ቀበቶው ከመቀመጫው ጀርባ ጫፍ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲወርድ ከአግድም መስመር ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳያዘቀዝቅ ይከለክላል፤ ከ10 ዲግሪ እንዳይበልጥ ደግሞ ይመክራል። ቀበቶው ከኋላ ወለል ላይ ከታሰረ በፊት ለፊት ግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች እየጎተተ የጀርባ አጥንትን ይጨምቃል። በዚያ ላይ ቀበቶው በረዘመ ቁጥር በግጭት ጊዜ የሚለጠጠው መጠን ስለሚጨምር ሰውነት ወደ መሪው ይበልጥ ይጠጋል። ስለዚህም አግዳሚውን ቧንቧ በዋናው ቅስት (ከመቀመጫዎቹ ጀርባ በቁመት የሚቆመው የታጠፈ ቧንቧ) ላይ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ቅርብ አድርገው በየዱት፤ ቀበቶዎቹም በትከሻ ላይ የሚያርፉትን የአንገት መከላከያውን ክንፎች እንዳይለቁና ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ ግራና ቀኝ ማገጃ ሠሩላቸው።

ስለ ወገብ ቀበቶው ያላቸው አቋም ጥብቅ ነው። ቀበቶው በመቀመጫው ቀዳዳዎች ውስጥ አልፎ በዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፤ ሆድ ላይ ከወጣ የውስጥ አካልን ይጎዳል። ባለ 4 ነጥብ (በአራት ቦታ የሚታሰር) ሀርነስ በእግር መሃል የሚያልፍ ቀበቶ ስለሌለው፣ የትከሻዎቹ ቀበቶዎች ሲጠብቁ የወገቡን ወደ ላይ ይስቡታል፤ ሰውነትም ከሥር ሊሾልክ ይችላል። ለዚህ ነው ባለ 6 ነጥቡን የመረጥነው። ማሰሪያዎቹን በተመለከተ ደንቡ እያንዳንዱ ነጥብ 1470 ዴካኒውተን፣ ይኸውም የአንድ ቶን ተኩል ገደማ ክብደት የሚያህል ኃይል፣ የእግር መሃሎቹ ደግሞ 720 ዴካኒውተን እንዲችሉ ይጠይቃል። የወለል ላሜራ ብቻውን ይህን አይችልም፤ ብሎኑ ቀዶት ይወጣል። በመሆኑም በየአዲሱ ቀዳዳ ሥር ቢያንስ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማጠናከሪያ ብረት ገብቷል፤ ባለ ቀለበቱ ብሎንም ኃይሉ እንዳያጎብጠው ቀበቶው በሚስብበት አቅጣጫ ተገጥሟል።

ወደ ኬጁ ስመጣ፣ የተጠቀሙት በብርድ የተሳበ፣ መገጣጠሚያ የሌለው የካርቦን ብረት ቧንቧ ነው። ዋናው ቅስት 45 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ሌሎቹ 38 በ2.5 ናቸው። ተራ የውኃ ቧንቧ ርካሽ ነው ብሎ ለሚከራከራቸው ደንበኛ ጊዜ አያባክኑም። እጥፋቶቹ አልተጨማደዱም፣ አልተደፈጠጡምም። የቅስቱ እግሮች ያረፉባቸው ማጠናከሪያዎች ደንቡ የሚጠይቀውን 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያሟላሉ።

የሰውየውን ጨዋነት የሚያሳየው ግን ከላይ የማይታየው ብየዳ ነው። የቧንቧው መገናኛ ዙሪያውን ሙሉ መበየድ ሲኖርበት፣ ጣራ ሥር ያለው ወገን የብየዳ ጫፍ ስለማይደርሰው ብዙዎች ግማሹን በይደው ይተዉታል። እርሳቸው በእግሮቹ ሥር ወለሉን ቀደው ኬጁን ዝቅ በማድረግ ላይኛውን በሙሉ ከበየዱ በኋላ መልሰው ከፍ አድርገው በማጠናከሪያ ብረቱ ላይ አሳረፉት። (የመኪናዬ ወለል ሲቀደድ ማየት እንዳላስደሰተኝ አልደብቅም።) ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ፈትተው፣ የመኪናውን ኮምፒውተር አውጥተው፣ መስታወቱንም በእሳት መከላከያ ጨርቅ ሸፍነው ነበር።

ራስ ሊደርስባቸው በሚችሉ ቧንቧዎች ላይ የለበጡት ለዚሁ ተብሎ የተሠራውንና ጠንከር ያለውን መከላከያ ነው፤ ለስላሳ ስፖንጅ በሄልሜት ምት ወዲያው ተጨፍልቆ ስለሚያልቅ ዋጋ የለውም። የሀርነሱን መለያም አንብበው የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበትን ዓመት አሳዩኝ፤ ከከባድ ግጭት በኋላም ዘመኑ ሳያልቅ መቀየር እንዳለበት አሳሰቡኝ።

ጉድለት ካነሳሁ ሥራቸው ዝግ ያለ መሆኑን እጠቅሳለሁ፤ ለቀረበ ውድድር የተጣደፈ ሰው ሌላ ባለሙያ ቢፈልግ ይሻለዋል። በግል ለሚጠይቀኝ ሰው እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሁሉ መቀመጫችሁን፣ ሄልሜታችሁንና የምትወዳደሩበትን ውድድር ደንብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደንቡ ከውድድር ውድድር ስለሚለያይ ሳያነቡት አንድም ቧንቧ አይቆርጡም።