ያገለገለ ፎርቲጌት ወይስ አዲስ ማይክሮቲክ፦ የማስተካከያ ገጹ አልከፈት ሲል

«ለአሥር ሠራተኛ ቢሮ የትኛው ፋየርዎል ይሻላል?» (ፋየርዎል በኢንተርኔትና በቢሮው ኔትወርክ መካከል ቆሞ የሚጠብቅ ዕቃ ነው) የሚለውን ጥያቄ ከወዳጆቼ ደጋግሜ ስለምሰማ መልሴን አንድ ጊዜ ጽፌ መገላገል መርጫለሁ። የፖርት ብዛትና ፍጥነት ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ እተወዋለሁ። ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የማስተካከያ ገጹ በብራውዘር አልከፈት ሲል ወደ ዕቃው መልሶ ለመግባት ስንት ብር እንደሚያስወጣ ነው።

አምራቹ ለማይክሮቲክ ሄክስ፣ ፋየርዎልም ለሆነው አነስተኛ ራውተር፣ ያወጣው ዋጋ 60 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ስለነበር ይህ 3,400 ብር አካባቢ ይመጣ ነበር፤ ዶላር በ120 ብር ሲታሰብ ግን፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት፣ 7,200 ብር ይሆናል። ሰው ወደ አገለገለ ዕቃ የሚያዘነብለው ይህን ስሌት ሠርቶ ነው፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

አዲስ ሄክስ 9,000 ብር በተጠራብኝ ሰሞን አንድ ያገለገለ ፋየርዎል በ6,500 ብር ገዛሁ። ጥፋቱ የሻጩ እንጂ የአምራቹ ስላልሆነ የዕቃውን ስም አልጠራም። ሻጩ «ሪሴት ተደርጓል» ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ ቤት ወስጄ ስሰካው ግን መብራቶቹ ሁሉ እየበሩ ገጹ አልከፈትም አለ። በኮንሶል፣ ማለትም ያለ ኔትወርክ በኬብል ብቻ ትእዛዝ በሚጻፍበት መግቢያ፣ ልግባ ብዬ በ800 ብር የዩኤስቢ ኮንሶል ኬብል ገዛሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ቢጫ ምልክትና «ኮድ 10» የሚል ስሕተት ወጣ። ለካ በኬብሉ ራስ ውስጥ ያለው ቺፕ ተመሳስሎ የተሠራ ኖሯል፤ የዋናው አምራች አዲስ ድራይቨር (ኬብሉን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ፕሮግራም) ደግሞ እንዲህ ያለውን ቅጂ ለይቶ ይከለክላል። ሁለተኛው ኬብል 1,900 ብር ፈጀና ቢያንስ ሠራ፤ ስክሪኑም ላይ የቀድሞው ባለቤት የማላውቀውን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ድምሩ 9,200 ብር ደርሶ እኔ ገና ደጅ ነበርሁ።

ፎርቲጌት፣ የፎርቲኔት ኩባንያ ፋየርዎል፣ ሲበላሽ የሚያስቸግር ዕቃ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ያለ ሰነድ እጅ ሲቀይር ነው። አዲስ ሲሆን ላፕቶፑን በውስጠኛው ፖርት ሰክቶ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው የድረ ገጽ መንገድ) ወደ 192.168.1.99 መሄድ በቂ ነው፤ ብራውዘሩ የሚያሳየው የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያም ብልሽት ስላልሆነ ማለፍ ይቻላል። ያገለገለው ላይ ግን አድራሻው ተቀይሮ፣ በዚያ ፖርት ላይ የኤችቲቲፒኤስ ፈቃድ ተነሥቶ፣ ወይም አስተዳዳሪው ከተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ እንዲገባ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እጅግ ያረጀ ፈርምዌር (የዕቃው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ከሆነ ደግሞ የዛሬዎቹ ብራውዘሮች የቀድሞዎቹን የምስጠራ ደንቦች ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ስለማይቀበሉ ገጹን ጭራሽ አይከፍቱትም። ድሮ «ሜንቴይነር» በሚባል መለያና በዕቃው ሲሪያል ቁጥር በኮንሶል መግባት ይቻል ነበር፤ ከፎርቲጌቱ ሶፍትዌር ከፎርቲኦኤስ 7.2.4 ጀምሮ ይህ በር ተዘግቷል። የሚቀረው ፈርምዌሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ፋይሉን ከኩባንያው ለማውረድ ደግሞ የድጋፍ ውል ያስፈልጋል፤ ሲሪያሉ በቀድሞው ባለቤት ስም ተመዝግቦ ከቆየ ውሉን ለማግኘትም ሌላ ደጅ መጥናት አለ።

ማይክሮቲክን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንቦክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአይፒ አድራሻ ባይኖርም በማክ አድራሻ (ፋብሪካው ለፖርቱ በሰጠው መለያ) ይገባል፤ ላፕቶፑን በተራ የኔትወርክ ኬብል ከሁለተኛው ፖርት ማገናኘትና «ኔበርስ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው፤ ኮንሶል ኬብል የሚባል ወጪ የለም። «192.168.88.1 (የማይክሮቲክ የፋብሪካ አድራሻ) አልከፈት አለኝ» ብለው ከሚደውሉልኝ አብዛኞቹ የሰኩት አንደኛው ፖርት ላይ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱ የኢንተርኔቱ ፖርት ስለሆነ ፋብሪካው ራሱ የዘጋው ነው። የይለፍ ቃሉም ቢጠፋ የሪሴቱን ቁልፍ ተጭኖ ኤሌክትሪኩን መሰካትና መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል መልቀቅ ያድናል፤ ማስተካከያው ሁሉ ግን ይጠፋል። አዳዲሶቹ ላይ የመጀመሪያው የይለፍ ቃል በተለጣፊ ወረቀት ስለተጻፈ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይበጃል። ፈቃዱ ጊዜ የለውም፤ አዲስ ፈርምዌርም በነጻ ይወርዳል። ቫይረስ መፈተሽና ድረ ገጾችን በየዓይነታቸው መከልከል የግድ የሚለው ቢሮ ግን ሄክስ አይበቃውም፤ እርሱ አዲስ ፎርቲጌት ከነውሉ ይግዛ።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፒኤፍሴንስ የተባለውን የፋየርዎል ሶፍትዌር ስለመጫን የሚጠይቁኝም አሉ። እርሱም ጥሩ ነው፤ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቶ ከሚመጣው ዝርዝር 3 ቁጥርን በመምረጥ የገጹን የይለፍ ቃል መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ከፋብሪካ የሚመጣበት 192.168.1.1 የብዙ ሞደሞችም አድራሻ ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ከሞደሙ ጋር ከማገናኘት በፊት በ2 ቁጥር መቀየር ይገባል።

ይህን ሁሉ አንብቦ ያገለገለውን የሚመርጥ ወዳጅ ቢኖር፣ ላፕቶፑን ይዞ ይሂድና ሻጩ ፊት ገጹን ከፍቶ በአስተዳዳሪ መለያ ሳይገባ ብሩን አይክፈል።