ለጉበት ካንሰር ምርምር ምን ልግዛ? ሴል ላይን፣ ኦርጋኖይድ ወይስ አይጥ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ልጆች ደወሉልኝ። ሦስቱም ፒኤችዲ ጀማሪዎች ናቸው፤ ሦስቱም ጉበት ካንሰር ላይ ነው የሚሠሩት። ጥያቄያቸውም አንድ ነው። «ጋሼ፣ በጀቷ ትንሽ ናት። የቱን ልያዝ?» ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ሴል ሳበቅልም ዕቃ ስገዛም ዓመታት ስላለፉኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መልሴን ከፊት ልናገር። ከታካሚው ዕጢ የሚበቅለውን ኦርጋኖይድ፣ ማለትም ጄል ውስጥ የሚያድገውን ትንሽ የሴሎች ኳስ ያዙ። ግን ምን መግዛት፣ ምን ደግሞ ራሳችሁ መሥራት እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ በጀቱን በሦስት ወር ይጨርሰዋል።

ከርካሹ ልጀምር። ሴል ላይን፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚበዛ የሴል ዘር፣ አንዱ ቱቦ ከታወቀ የሴል ባንክ ሲገዛ በመቶዎች ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ወጪው ሴሉ የሚመገባቸው ፈሳሾች፣ ሚዲየምና ሴረም፣ ብቻ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ታበዙታላችሁ። ጥያቄው በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሁሉም ሰው የሚያነሳው ሄፕጂ2 የአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ ዕጢ ነበር። ለረጅም ጊዜ የአዋቂዎቹ ዓይነት የጉበት ካንሰር ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ2009 የወጣ ጥናት ሄፓቶብላስቶማ፣ ማለትም የሕፃናት የጉበት ዕጢ መሆኑን አሳየ። ዛሬም ግን ብዙ ሰው በአዋቂው ካንሰር ስም ይሠራበታል።

ከገዛችሁት ይልቅ በነጻ ያገኛችሁት ነው የበለጠ የሚጎዳው። ከዓመታት በፊት ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጤነኛ የጉበት ሴል ፈልገን ከጎረቤት ላብ አንድ ቱቦ ወሰድን። ክዳኑ ላይ በሰማያዊ ማርከር «ኤል-02፣ ጤነኛ ጉበት» ተብሎ ተጽፏል። ስድስት ወር መድኃኒት ሞከርንበት። ጽሑፋችንን የገመገመው ሰው የሴሉን የዲኤንኤ ማንነት ምርመራ ጠየቀ። 150 ዶላር ከፍለን ላክን። ውጤቱ ሲመጣ ሴሉ ሂላ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር። ስድስት ወር ሙሉ ካንሰርን ከካንሰር ጋር ነበር ያነጻጸርነው። በኋላ ሳጣራ የኤል-02 ነገር ቀድሞም የታወቀ ሆኖ አገኘሁት። ቤል-7402 እና ኤስኤምኤምሲ-7721 የሚባሉትም እንደዚሁ በሂላ የተበከሉ ናቸው። ስለዚህ ማንም «ውሰድ፣ በነጻ ነው» ቢላችሁ መጀመሪያ አስመርምሩ።

ሴል ላይን የግድ ከሆነ አንድ የምወደው አለ። ፒኤልሲ/ፒአርኤፍ/5 ይባላል፤ በ1976 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣ፣ ብዙዎች የአሌክሳንደር ሴል የሚሉት ነው። የሄፓታይተስ ቢን የላይኛውን ፕሮቲን እስከ ዛሬ ሚዲየሙ ውስጥ ይለቃል። እንደኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ በበዛበት ቦታ የሚመጣውን ካንሰር ለሚያጠና ሰው ይጠቅማል።

አይጥን በአጭሩ ልለፈው። የሰው ዕጢ የማይገፉት፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች አንዳቸው ከ100 ዶላር በላይ ናቸው። አሥር አይጥ ስትገዙ ከ1000 ዶላር በላይ ሄደ። የአይጦቹ ማደሪያ ኪራይም በየቀኑ ይቆጠራል። ዕጢው እስኪያብጥ ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይዝም። ከያዘም በኋላ ሌላ ጣጣ አለ። ከዕጢው ጋር የገባ፣ ቫይረስ ያለበት የታካሚው ነጭ የደም ሴል አይጡ ውስጥ ሊምፎማ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። እብጠቱን አይታችሁ ጉበት ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ። አይጥ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ በሕያው አካል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት ስትፈልጉ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አልመክርም።

አሁን ወደ ኦርጋኖይድ። በ2017 ካምብሪጅ የነበረው የተመራማሪዋ የሜሪቼል ሁች ቡድን የስምንት ታካሚዎችን ዕጢ በጄል ውስጥ አበቀለ። ሦስት ዓይነት የጉበት ካንሰር ነበረበት፤ እያንዳንዱም የመጣበትን ዕጢ መልክና ሚውቴሽን ይዞ ቆየ። የምወደው ለዚህ ነው። ከፊታችሁ ያለው የዚያ ሰው ካንሰር ነው።

ዋጋው ላይ እንምጣ። ጄሉ ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል። በቅርቡ የገዛሁት 10 ሚሊ ሊትር 450 ዶላር ነው። በ50 ማይክሮ ሊትር ጠብታ በማብቀያ ሳህኖች ላይ 200 ጉድጓድ ይሞላል፤ አንዱ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ጠብታውን ወደ 25 ስቀንሰው 400 ጉድጓድ ሆነ፣ ዋጋውም በግማሽ ወረደ። እድገቱ ላይ ልዩነት አላየሁም። አንዴ 60 ዶላር ለማትረፍ ከአንድ አገናኝ ገዛሁ። መንገድ ላይ ደረቅ በረዶው አልቆ ነበር መሰለኝ፣ ጄሉ ፓይፔት ጫፍ ውስጥ ክር ክር እያለ አስቸገረኝ። ጠርሙሱን እንዳለ ጣልኩት። ጄል ላይ አትቆጥቡ።

ሚዲየም ላይ ግን ቆጥቡ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን አትግዙ። ትልቁን ዋጋ የሚወስደው አር-ስፖንዲን የሚባለው ፕሮቲን ነው። እሱን የሚያመርት ሴል ከሌላ ላብ በስምምነት ይገኛል፤ አንድ ሊትር ካመረታችሁ በ10 በመቶ እየጨመራችሁ 10 ሊትር ሚዲየም ይወጣችኋል።

ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ አር-ስፖንዲኑን ጭራሽ አትጨምሩት። ደብልዩኤንቲና ኖጊን የሚባሉትን ሌሎች ሁለት ፕሮቲኖችም ተዉ። የሁች ቡድን ዕጢውን ያስጀመረው ያለ እነዚህ ሦስቱ ነው። ምክንያቱም ከዕጢው ጋር የሚመጡ ጤነኛ የሐሞት ቱቦ ሴሎች እነሱን ይወዳሉ፤ ካገኙ ካንሰሩን ቀድመው ይሞሉታል። እኔ ላይ ደርሷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆንጆ፣ ክብ፣ እንደ ሳሙና አረፋ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ኳሶች አሳደግሁ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳሁ። ሲመረመሩ አንድም ሚውቴሽን የለባቸውም። የጉበት ሴል ካንሰሩ ግን ጠጣር ነው፤ ማይክሮስኮፕ ስር ጠቆር ያለ፣ የታመቀ እንክብል ይመስላል። እዚህ ላይ ርካሹ ሚዲየም ነው ትክክለኛው።

ናሙናችሁ በመርፌ የተወሰደ ከሆነ ተስፋችሁን ለኩ። በ2018 የባዝል ተመራማሪዎች ከመርፌ ባዮፕሲ ሲሞክሩ የበቀለላቸው ከአራት አንዱ ገደማ ነው፤ የበቀሉትም ክፉዎቹና ፈጣኖቹ ዕጢዎች ነበሩ። ስለዚህ ለፕሮፌሰራችሁ «አምስት ታካሚ፣ አምስት ሞዴል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ከቻላችሁ ከቀዶ ጥገና የሚወጣ ቁራጭ ለምኑ፤ ከዕጢው ራቅ ብሎ ካለው ጤነኛ ጉበትም ትንሽ ይጨመርላችሁ።

ቀዶ ጥገናው ያለ ዕለት ዋዜማ ጄሉን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ላይ አሳድሩት። የፓይፔት ጫፎቹም አብረው ይደሩ።